ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ቃለ መጠይቅ፦ ከሾርት ሊስት እስከ ፊርማ

የጽሑፍ ፈተናውን አልፋችሁ፣ የመጀመሪያውን ኢንተርቪው ጨርሳችሁ፣ "ለቀጣዩ ዙር ተመርጠዋል" የሚል ስልክ ሲደወልላችሁ ቀጣሪው አንድ ነገር ወስኗል ማለት ነው፦ ሥራውን መሥራት እንደምትችሉ አምኗል። ዲግሪው፣ የሥራ ዘመኑ፣ የኮምፒውተር ችሎታው ከእንግዲህ ብዙ አያከራክርም። አብረዋችሁ የቀሩት ሁለት ሦስት ተወዳዳሪዎችም ይህንኑ አሟልተው ነው የቀሩት። አሁን የሚመዘነው ሌላ ነው። ሠራሁ ያላችሁትን በእርግጥ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ? ነገር ሲበላሽ እንዴት ታስባላችሁ? ከዚህ አለቃና ከዚህ ቡድን ጋር ትግባባላችሁ? በሚከፈላችሁስ ትቆያላችሁ?

ብዙ ጎበዝ ሰው እዚህ ላይ የሚወድቀው የመጀመሪያውን ዙር መልስ ይዞ ስለሚመለስ ነው። "ስለ ራስዎ ይንገሩን" ለሚለው ያጠናውን አሳምሮ ይደግመዋል፤ ሲቪውን ደግሞ በቃሉ ያነበንባል። ፓነሉ (የጠያቂዎቹ ቡድን) ግን ይህን ሰምቶ ጨርሷል። ለዚህ ዙር ማስረጃ ማደራጀት ያስፈልጋል፦ ስለ ሠራችሁት ሥራ፣ ስለምትገቡበት መሥሪያ ቤት፣ ስለምትጠይቁት ደመወዝ። ከዚህ በታች ያለው በአዲስ አበባ በግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ በባንኮችና በትልልቅ የግል ኩባንያዎች የተለመደውን አካሄድ የተከተለ ነው። ምሳሌ ሲያስፈልግ የአንድ ሲኒየር ፋይናንስ ኦፊሰር ቦታ እንወስዳለን፤ ሙያው ሌላ ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

ስልኩ ሲደወል የሚጠየቁ ነገሮች

ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሲደውል "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ መዝጋት የመጀመሪያው ስህተት ነው። በትሕትና የሚጠየቁ አምስት ነገሮች አሉ፦ ፓነሉ ላይ እነማን ይቀመጣሉ (ስማቸው ባይነገር እንኳ የሥራ መደባቸው)፤ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ በአካል ነው በኦንላይን፤ የሚቀርብ ፕሬዘንቴሽን ወይም በቦታው የሚሠራ ልምምድ (የተግባር ፈተና) አለ ወይ፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ወይስ የአካባቢው ቋንቋም ይፈተናል። ይህን መጠየቅ ድፍረት ሆኖ አይታይም። ለመስክ ቢሮ የሚቀጠር ሰው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ መናገሩ በማስታወቂያው ላይ "ተመራጭ ነው" ተብሎ ከተጻፈ፣ በመጨረሻው ዙር አንድ ጥያቄ በዚያ ቋንቋ ሊመጣ እንደሚችል አስቡ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። በስልክ "ረቡዕ 3 ሰዓት" ከተባላችሁ ጠዋት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 9:00። በኢሜይል "3:00 ፒኤም" ከተባላችሁ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሦስትና ዘጠኝ እርስ በርስ የሚለዋወጡ ስለሆኑ ኢንተርቪው የሚያልፋቸው ሰዎች በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። መልእክቱን ስትመልሱ ሁለቱንም ጻፉ፦ "ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ማለትም 9:00 ኤኤም እገኛለሁ።" ፓነሉ ከውጭ በኦንላይን የሚገባ ከሆነ ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓቱ እኩል ነው። ጄኔቫ በክረምታቸው በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለንደን በክረምታቸው በ3፣ በበጋቸው በ2።

ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት አይደለም

ፓነሉ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰው ነው። የቅርብ አለቃ የሚሆነው ሰው የሚያስበው ስለ ሥራ ጫናው ነው፦ ይህ ሰው ቢገባ ከትከሻዬ ላይ ምን ይወርዳል፣ ስንት ጊዜስ እየተከታተልኩ ማስረዳት ይኖርብኛል? የኤችአር ተወካይዋ የምትመለከተው መልሱ ከሲቪው ጋር መጣጣሙን፣ ከቀድሞው ሥራ የለቀቃችሁበትን ምክንያትና ደመወዙን ነው። ከሌላ ክፍል የሚመጣው ሰው፣ ለምሳሌ የፕሮግራም ማናጀሩ፣ የሚፈራው ነገር አለ፦ ይህ ፋይናንስ በየወረቀቱ እያስቆመ ሥራ ይገታብኛል? አገናዝባችሁ ስትመልሱ ለፕሮግራም ማናጀሩ ጥያቄ የሰጣችሁትን መልስ የፋይናንስ ኃላፊውም እየሰማ መሆኑን አትርሱ። "ለፕሮግራም ሥራ ስል አንዳንዴ ደረሰኝ ሳላይ አሳልፋለሁ" ማለት አንዱን ያስደስትና ከሌላው ያጣላል።

አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀርባሉ፣ ለእያንዳንዱ መልስም ወረቀት ላይ ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጠያቂዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፣ ፈገግታም ላያሳዩ ይችላሉ። ይህ መልሱ አልተወደደም ማለት አይደለም። የሚጽፉት የተናገራችሁትን ብቻ ነው፤ ያልተነገረ ነገር፣ ሲቪው ላይ ቢኖርም እንኳ፣ ነጥብ አያመጣም።

ስድስት ጉዳዮችን በወረቀት ማዘጋጀት

የሥራ ማስታወቂያውን አትሙና ዋና ዋና ኃላፊነቶቹን አስምሩባቸው። ከአሥር በላይ ተዘርዝረው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቅባቸው ግን የመጀመሪያዎቹ አራት አምስቱ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ከሠራችሁት ሥራ አንድ አንድ ጉዳይ ፈልጉ። በዚያ ላይ ከሰው ጋር የተጋጫችሁበት አንድ፣ ያልተሳካላችሁ አንድ። ስድስት ወይም ሰባት ጉዳይ ይበቃል፤ አንድ ጉዳይ ለሁለት ሦስት ጥያቄ ያገለግላልና ከዚያ በላይ ማብዛት ያደናግራል።

እያንዳንዱን በግማሽ ገጽ ጻፉት። በድርጅቶች ዘንድ "ስታር" የሚባለው አቀማመጥ አራት ክፍል አለው፦ ሁኔታው፣ የእናንተ ድርሻ፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ሲነገር በአጠቃላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መሆን አለበት። ሁኔታው ግማሽ ደቂቃ አይለፍ። ከጊዜው ግማሽ በላይ የሚገባው ያደረጋችሁት ላይ ነው። የሚበላሸውም እዚሁ ነው፤ ሰው ታሪኩን ከድርጅቱ አመሠራረት ይጀምርና ሁለት ደቂቃውን በዳራ ጨርሶ "በመጨረሻም ችግሩ ተፈታ" ይላል።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ጥያቄው "በሥራዎ ላይ ያጋጠመዎትን ከባድ ችግር እንዴት እንደፈቱ ይንገሩን" ነው እንበል። የተለመደው መልስ፦

"በመስክ ቢሮዎቻችን ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ተከማችቶ ነበር። እኛም ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግረን፣ ሲስተሙን አሻሽለን፣ በጊዜው እንዲወራረድ አድርገናል።"

(ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ ማለት ሠራተኛ ለሥራ ወስዶ ደረሰኙን ገና ያላቀረበበት ገንዘብ ነው።) ውሸት የለበትም። ነጥብ ሰጪው ግን የሚጽፈው ነገር አጥቷል። ስንት ብር ነበር? እነማን ናቸው "እኛ"? ሲስተሙ ምኑ ተሻሻለ? አሁን ይኼኛውን እዩት፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፦

"ሥራ ስጀምር በሁለት የመስክ ቢሮዎች ጊዜው ያለፈበት ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ 1.4 ሚሊዮን ብር ነበር፣ በ23 ሠራተኞች ስም። የእኔ ኃላፊነት እስከ ሩብ ዓመቱ ሪፖርት ድረስ ማስወራረድ ነበር። መጀመሪያ ዝርዝሩን በቆየበት ጊዜና በወጪው ዓይነት ለየሁት። አብዛኛው የሥልጠና አበል ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ለተሳታፊዎች ተከፍሏል፤ የተሳታፊዎች የፊርማ ዝርዝር ግን አልተያያዘም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅድመ ክፍያ መጠየቂያ ጋር የሚሰጥ፣ ሲመለሱ ምን ምን ይዘው እንደሚመጡ የሚያሳይ የአንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጀሁ። የፊተኛውን ያላወራረደ አዲስ እንዳይወስድም ሐሳብ አቀረብኩ። የፕሮግራም ማናጀሩ ሥራ ይቆማል ብሎ ተቃወመ። ለአስቸኳይ የመስክ ሥራ በእሱ ፊርማ እንዲፈቀድ፣ ነገር ግን በ10 ቀን ውስጥ እንዲወራረድ ተስማማን። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ 180 ሺህ ብር ቀረ፤ የቀረውም የሁለት የለቀቁ ሠራተኞች ነበር፣ ለኤችአር አሳወቅኩ።"

ይህ ሲነበብ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ተቃውሞው መጠቀሱን ልብ በሉ። ያለ ምንም እንቅፋት የተፈታ ችግር ሲነገር ሰሚው ይጠራጠራል። ሳይወራረድ የቀረው 180 ሺህ ብር መነገሩም መልሱን ታማኝ ያደርገዋል።

"እኔ" ማለት የሚከብደን ሰዎች ነን። ያደግንበት ጨዋነት ሥራውን ለሁሉም ማካፈል ነው፤ "እኔ ሠራሁ" ማለት ጉራ ይመስለናል። በኢንተርቪው ላይ ግን "እኛ" ያላችሁትን ሁሉ ነጥብ ሰጪው ለሌላ ሰው ሊቆጥረው ይችላል። የሚያዋጣው መካከለኛ መንገድ ቡድኑን አንድ ጊዜ በግልጽ መጥቀስ ነው፦ "ቡድኑ አራት ሰው ነበር፤ የእኔ ሥራ የባንክ ማስታረቂያውና የለጋሽ ሪፖርቱ ነበር።" ከዚያ በኋላ በ"እኔ" ቀጥሉ። ሐቁን እስከተናገራችሁ ድረስ ጉራ የሚባል ነገር የለበትም።

የመጨረሻው ዙር እውነተኛ ፈተና የሚከተሉት ጥያቄዎች ናቸው። ፓነሉ ጉዳዩን ከሰማ በኋላ ይቆፍራል፦ ለምን በዚያ መንገድ? ሌላ ምን አማራጭ አይተው ነበር? የተቃወመው ሰው አሁን ምን ይላል? ዛሬ ቢሆን ምን ይለውጣሉ? በእያንዳንዱ ጉዳይ ሥር እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጽፋችሁ መልሱን አስቡ። ከሌላ ሰው የተዋሰ ታሪክ የሚጋለጠው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነውና ያልሠሩትን ጨምሮ መናገር በዚህ ዙር ፈጽሞ አያዋጣም።

ያልተሳካ ሥራ ሲጠየቅ "ከመጠን በላይ ጥንቁቅ መሆኔ" የሚለውን ተዉት። እውነተኛ፣ የሥራ፣ መጠነኛ ጥፋት ምረጡ፦ የዘገየ ሪፖርት፣ ያለ በቂ ዋጋ ማወዳደሪያ የተላከ የግዥ ሰነድ። የጥፋቱን ምክንያት በሌላ ላይ ሳታሳብቡ፣ ከዚያ በኋላ አሠራራችሁ ላይ ምን እንደለወጣችሁ ተናገሩ። የቀድሞ አለቃን ማማት ደግሞ ምንም ያህል በደል ቢኖር ይጎዳል። ሰሚዎቹ ነገ ስለ እነሱም እንዲሁ ትናገራላችሁ ብለው ያስባሉ። የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁን ምሥጢር፣ የለጋሽ ስምና የግለሰብ ስም መጥራትም አያስፈልግም። "አንድ ዋና ለጋሽ" ማለት ይበቃል።

ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ከሆነ ልምምዱም በእንግሊዝኛ፣ ድምፅ አውጥቶ ይሁን። በአማርኛ ያሰባችሁትን እዚያው መተርጎም መልሱን ያሳጥረዋል፣ ቁጥርም ያስረሳል። በስልካችሁ ቅዱትና መልሳችሁ ስሙ። ሦስት ነገር ብቻ አዳምጡ፦ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ስንት ጊዜ "እኛ" አላችሁ፣ ውጤቱ በቁጥር ተነገረ ወይ። በቃል መሸምደድ ግን አያስፈልግም። የተሸመደደ መልስ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ይጠፋል።

ልምምድና ፕሬዘንቴሽን

ለኃላፊነት ቦታ የ10 ደቂቃ ፕሬዘንቴሽን መጠየቅ የተለመደ ነው። ርእሱ አስቀድሞ ይላካል፣ ወይም በቦታው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ተሰጥቶ ይዘጋጃል። ለ10 ደቂቃ 5 ወይም 6 ስላይድ ይበቃል። "በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምን ትሠራለህ" የሚል ርእስ ከመጣ፣ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለውጠውን ይዘረዝራል። በቢሮው ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ፊት ይህ ደስ አያሰኝም። የመጀመሪያውን ወር ለማየትና ለመጠየቅ ስጡ፣ ግን የሚታየውን ሰነድ በስሙ ጥሩ፦ ያለፈው ዓመት የኦዲት ሪፖርትና የማኔጅመንት ሌተሩ (ኦዲተሩ ያያቸውን ድክመቶች የሚገልጽበት ደብዳቤ)፣ ያልተዘጉ የኦዲት ግኝቶች፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የበጀት አጠቃቀም በፕሮጀክት። በሁለተኛው ወር አንድ ወይም ሁለት ማስተካከያ፤ በሦስተኛው የምትለካበት ውጤት። አንድ ስላይድ ደግሞ "ይህን ለመሥራት ከእናንተ የምፈልገው" ይሁን።

በቦታው የሚሰጥ የኤክሴል ወይም የኢሜይል ልምምድ ከሆነ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ጊዜውንም ከፋፍሉት። ለምሳሌ 45 ደቂቃ ከተሰጠ የመጨረሻውን 7 ደቂቃ ለማጣራት አስቀሩ። ሰንጠረዡ ሆን ተብሎ ስህተት እንዲኖረው ተደርጎ ሊሆን ይችላል፦ ሁለት ጊዜ የገባ ደረሰኝ፣ የማይደመር ድምር፣ ከፕሮጀክቱ ጊዜ ውጭ የሆነ ቀን። ያገኛችሁትን አርሙ፣ ምን እንዳረማችሁም ከሥር ጻፉ። ሳይጽፉ ማረም ግማሽ ነጥብ ያስቀራል።

ሴፍጋርዲንግና ታማኝነት

ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የሴፍጋርዲንግ፣ ማለትም ተረጂዎችን ከጥቃት የመጠበቅ፣ ጥያቄ ለሹፌርም ለዳይሬክተርም ይቀርባል። "አንድ ባልደረባዎ ከተረጂ ልጅ ጋር ተገቢ ያልሆነ ግንኙነት እንዳለው ሰሙ፤ ምን ያደርጋሉ?" የሚል ነው አብዛኛውን ጊዜ። የሚጥለው መልስ በአገራችን ልማድ በጎ የሚመስለው ነው፦ "መጀመሪያ ጠርቼ እመክረዋለሁ" ወይም "እውነት መሆኑን አጣርቼ ካረጋገጥኩ በኋላ አሳውቃለሁ"። የድርጅቶቹ ደንብ ግን ግልጽ ነው። ጥርጣሬም ቢሆን በተዘጋጀው የማሳወቂያ መንገድ ወዲያውኑ ይነገራል፤ ማጣራት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ለተጠረጠረው አይነገርም፤ የተጎጂዋ ደኅንነትና ምሥጢር ይቀድማል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ወሲባዊ ግንኙነትን፣ የአገሩ ሕግ ዕድሜውን ዝቅ ቢያደርገውም፣ "ዕድሜዋን አላወቅኩም" የሚለውንም ሳይቀበል ይከለክላል። የአብዛኞቹ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ከዚህ የተቀዳ ነው። በዚህ ጥያቄ መዋዠቅ የሌላውን ጥሩ መልስ ሁሉ ሊሰርዝ ይችላል። መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

በገንዘብ በኩልም ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣል፦ አለቃዎ ደጋፊ ሰነድ የሌለው ክፍያ ፈርም ቢሉዎትስ? እምቢታው በጨዋነት ይነገራል፣ የጎደለው ሰነድ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ግፊቱ ከቀጠለ ደንቡ ወደሚያዘው የበላይ አካል ይሄዳል። ሦስቱንም ደረጃ ተናገሩ።

ከዳይሬክተሩ ጋር

የመጨረሻው ንግግር ብዙ ጊዜ ከካንትሪ ዳይሬክተሩ ወይም ከዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋር ነው። ጨዋታ ይመስላል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፦ ለምን እኛን መረጡ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነዎት፣ ከእኔ ምን ይፈልጋሉ። ዝግጅቱ የድርጅቱን ሥራ በእርግጥ ማወቅ ነው። የመጨረሻውን ዓመታዊ ሪፖርት፣ ባንክ ከሆነ በየዓመቱ የሚያወጣውን የተመረመረ ሂሳብ፣ አንብባችሁ ከሥራችሁ ጋር የሚገናኝ አንድ ነጥብ ያዙ። "ድርጅታችሁ ታዋቂ ስለሆነ" የሚል መልስ ለማንም ድርጅት ስለሚሆን ምንም አይነግራቸውም።

"ጥያቄ አለዎት?" ሲባል "የለኝም" አይባልም። ሦስት ያዙ፣ ሁለቱን ጠይቁ። አንዱን ከሕጉ አገናኙት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት ነው። "የሙከራ ጊዜዬ ሲያበቃ ምን ተሠርቶ ብታዩ ትክክለኛውን ሰው ቀጥረናል ትላላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ስለ ሥራው ከማስታወቂያው የበለጠ ይነግራችኋል። ቦታው ለምን ክፍት እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፦ አዲስ የተከፈተ ነው፣ ወይስ ሰው ለቆበት? በአንድ ዓመት ሁለት ሰው የለቀቀበት ቦታ ከሆነ ከመፈረም በፊት ማወቅ ይገባችኋል። ደመወዝ፣ ዕረፍትና አበል ግን ለኤችአር ይቆዩ።

በኦንላይን ከሆነ

ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ ስልኩ በሌላ ሲም የሞባይል ዳታ ተገዝቶለት፣ ዙሙ ወይም ቲምሱ ስልኩም ላይ ተጭኖ ይጠብቅ። መብራት ቢጠፋ ዋይፋዩም ስለሚጠፋ ከስልኩ ሆትስፖት መውሰድን ከአንድ ቀን በፊት ሞክሩ። የኤችአሩን ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከተቋረጠም ወዲያው ደውሉ። ካሜራው ከዓይናችሁ እኩል ይሁን፣ መስኮቱ ከፊታችሁ እንጂ ከኋላችሁ አይሁን። የጉዳዮቻችሁን ርእስና ቁጥሮች በአንድ ወረቀት አጠገባችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ማንበብ ግን በዓይን እንቅስቃሴ ይታወቃል።

ደመወዝ፦ የተጣራ ወይስ ያልተጣራ

ጥሩ ኢንተርቪው ሠርቶ እዚህ ላይ የሚጎዳ ሰው ብዙ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። እኛ ስለ ደመወዝ ስናስብ የምናስበው እጃችን ላይ የሚገባውን ነው፤ ውል ላይ የሚጻፈው ግን ያልተጣራው ነው። "30 ሺህ እጠብቃለሁ" ያለ ሰው የተጣራውን አስቦ ከሆነና ኤችአር ያልተጣራ ብሎ ከመዘገበው፣ በየወሩ ከ10 ሺህ ብር በላይ ያጣል። ስሌቱ ይኸውና።

በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በእርከን 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ለሚከፈለው ሰው አቋራጩ ይህ ነው፦ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዙ፣ 2,050 ብር ቀንሱ፤ የሚቀረው ግብሩ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል።

ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ 40,000 ብር ቢሆን፣ ግብሩ 14,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 11,950 ብር ነው። ጡረታው 2,800። እጅ ላይ የሚገባው 25,250 ብር። ያልተጣራ 30,000 ቢሆን የተጣራው 19,450 ብር ብቻ ነው። በተቃራኒው የተጣራ 30,000 ብር የሚፈልግ ሰው ከ30,000 ላይ 2,050 ቀንሶ የቀረውን 27,950 ለ0.58 ያካፍላል፤ ወደ 48,190 ብር ይመጣል። ሲጠየቅ የሚለው "ያልተጣራ ከ48 ሺህ ብር ጀምሮ" ነው። ሁሉም ነገር መሠረታዊ ደመወዝ ነው ተብሎ የተሠራ ስሌት ስለሆነ፣ ከፊሉ አበል ከሆነ ጡረታው ትንሽ ያንሳል።

ክልል ሰጥታችሁ "ከ45 እስከ 55 ሺህ" ካላችሁ ቀጣሪው የሚሰማው 45ቱን ነው፤ ዝቅተኛው በእርግጥ የምትቀበሉት ካልሆነ አትጥሩት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ብዙ ትልልቅ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ደመወዛቸው በእርከን የተወሰነ ነው። እዚያ ጥያቄው "ደረጃው ስንት ነው፣ በልምዴ ከስንተኛው እርከን እጀምራለሁ" የሚል ይሁን። ልምዳችሁ ከተጠየቀው በላይ ከሆነ ከፍ ያለ መነሻ እርከን መጠየቅ የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ይህ በር ይዘጋል። ከደመወዙ ጎን የቤትና የትራንስፖርት አበል፣ የሕክምና ሽፋን፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከሥራ ሲለቀቅ የሚከፈል የቁጠባ ገንዘብ) እና የመስክ አበል ተደምረው ይታዩ። አነስ ያለ ደመወዝ ለቤተሰብ የሚሆን ሕክምና ካለው ሊበልጥ ይችላል። የዓመት ዕረፍት በሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚህ በታች መስማማት አይቻልም፣ በላይ ግን የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

የአሁኑን ደመወዝ ሲጠይቋችሁ አታጋንኑ። አሠሪ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎት ዘመኑን ብቻ ሳይሆን ደመወዙንም እንዲገልጽ ሕጉ ያዛል፤ ኤችአር ያንን ወረቀት ማየቱ አይቀርም።

ምስክሮችና ወረቀቶች

ኢንተርቪውን አንደኛ ወጥቶ በሪፈረንስ የሚወድቅ ሰው አለ። ሦስት ስም ስትሰጡ አንዱ የመጨረሻው የቅርብ አለቃችሁ ይሁን። ዘመድና ጓደኛ አይሆንም። ስማቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ደውላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ የሥራ ማስታወቂያውንና ሲቪያችሁን ላኩላቸው፣ በየትኛው ኢሜይል እንደሚመልሱ አረጋግጡ። የግል ኢሜይልን የማይቀበል ድርጅት ብዙ ነውና የመሥሪያ ቤት አድራሻ ይሻላል። አሁን ያላችሁበት መሥሪያ ቤት መልቀቅ ማሰባችሁን ካላወቀ "የአሁኑን አለቃዬን የምታነጋግሩት ቅጥሩን ከነገራችሁኝ በኋላ ይሁን" ማለት የተለመደና የሚከበር ጥያቄ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የድርጅቶች የሥነ ምግባር ጥሰት መረጃ ልውውጥ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት የሠራችሁባቸውን መሥሪያ ቤቶች ኤችአር በቀጥታ ይጠይቃሉ፤ እናንተ የመረጣችሁት ምስክር ብቻ አይበቃቸውም።

በጣም ተደጋግሞ የሚያሳፍረው ግን የቀን አለመጣጣም ነው። የልምድ ማስረጃው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሲቪው በፈረንጅ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሲሆን 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይጨመራል። ሐምሌ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው ሲቪው ላይ ሐምሌ 2019 ብሎ ከጻፈ፣ ትክክለኛው ጁላይ 8 ቀን 2020 ስለሆነ፣ ሳያስበው አንድ ዓመት ልምድ ጨምሯል ማለት ነው። ኤችአር ይህን እንደ ስሌት ስህተት ላያየው ይችላል። ከመጨረሻው ዙር በፊት ማስረጃዎቻችሁን አንድ በአንድ ከሲቪው ጋር አመሳክሩ፤ ልዩነት ካገኛችሁ ሳትጠየቁ የተስተካከለውን ላኩና "ቀኑን ስቀይር ተሳስቼ ነበር" በሉ።

ኦፈር ከመጣ በኋላ

በስልክ "አልፈዋል" መባል ውል አይደለም። የኦፈር ሌተሩ (የቅጥር ግብዣ ደብዳቤው) ላይ እነዚህን ፈልጉ፦ ያልተጣራ ደመወዝና አበሎቹ ተለይተው፣ ደረጃው፣ የሥራ ቦታው፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ለፕሮጀክት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሙከራ ጊዜው፣ ሥራ የሚጀመርበት ቀን። አዲስ አበባ ብላችሁ ተወዳድራችሁ "እንደ አስፈላጊነቱ በማንኛውም የመስክ ቢሮ" የሚል ሐረግ ካገኛችሁ ከመፈረም በፊት አስረዱኝ በሉ። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ስለሚችል፣ የሚመዘንባችሁ መስፈርት ምን እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ አይከፋም።

የአሁኑን ሥራ መልቀቂያ የምታስገቡት አዲሱ ውል ሁለቱም ወገን ከፈረሙበት በኋላ ነው፤ "ሪፈረንሱ ሲያልቅ ይጸናል" የሚል ቅድመ ሁኔታ ካለበት ያ እስኪያልቅ ጠብቁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በዚያ ላይ የክሊራንስ ቀናት አሉ፦ ንብረት ማስረከብ፣ ያልተወራረደ ሂሳብ መዝጋት፣ የልምድ ማስረጃ ማውጣት። ስለዚህ አዲሱ ቀጣሪ "መቼ ይጀምራሉ?" ሲል 30 ቀኑን ብቻ ቆጥራችሁ አትመልሱ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ስታስገቡ ቀሪው ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመዝግቡ፤ 30 ቀኑን ለመቁጠር ክርክር ቢነሳ የምትይዙት ወረቀት ያ ነው።